ላይኩ ሌላ፣ ገበያው ሌላ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። አራቱም ከጎጃም የተላኩ ናቸው፣ አራቱም ስልክ ላይ ስለሚሠራ የጎን ሥራ ነው የሚያወሩት። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ መልሱም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ 29 ዓመቴ ነው። የመምህር ደሞዝ ከወር ወር እንደማያደርስ ለእርስዎ አልነግርም። ጥልፍ ከእናቴ ተምሬአለሁ። ማታ ማታ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ እየጠለፍኩ መሸጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚያዙኝ የትምህርት ቤታችን መምህራንና ጎረቤቶቼ ነበሩ። ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ባንክ ነው የምትሠራው፤ እሷ ናት “በዚህ ዘመን ቲክቶክ ላይ ያልወጣ ሥራ ምኑ ሥራ ነው?” ያለችኝ። ገባሁበት።

ስጠልፍ እጄን ብቻ የሚያሳይ አንድ ቪዲዮ ከ60 ሺህ በላይ ቪው አገኘ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ሰላም የለኝም። ፖስት ካደረግኩ በየደቂቃው ነው የማየው። ክፍል ውስጥ ልጆቹን “ገልብጡ” ብዬ ጠመኔ የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ስልኬን እነካካለሁ። ላይኩ ትንሽ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አጠፋዋለሁ፤ ሰው መሃል የተሰደብኩ ነው የሚመስለኝ። አንዷ “ይሄ የማሽን ነው፣ የእጅ አይደለም” ብላ ኮመንት ጽፋብኝ ሳምንት ሙሉ መርፌ አልያዝኩም። አሁን የምጠልፈው ሰው ያዘዘኝን መሆኑ ቀርቶ ቪዲዮ ላይ የሚያምረውን ሆኗል። የታዘዘ ቀሚስ ለሰርግ ሳላደርስ ቀርቼ ሰው አስቀይሜአለሁ። ከዚያ ሁሉ ተመልካች ደግሞ ያዘዙኝ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ዋጋ ከነገርኳት በኋላ ጠፋች። እህቴ ለበዓል መጥታ ስልኬን አየችና “ፎሎወርሽ አልጨመረም እንዴ?” አለችኝ። ያን ቀን እህል አልወርድ አለኝ። የሚገርመው ከ2015 ክረምት ጀምሮ ኔት በጠፋብን ጊዜ የተሻለ እሠራ ነበር፤ ያኔ ለጥር ሰርግ እጄ እስኪዝል ነው የጠለፍኩት። ባሌ “ተዪው” ይለኛል። ለእህቴ ግን ተውኩት ብዬ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ብተወውስ ማን ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከቁጥሩ እንጀምር። 60 ሺህ ቪው፣ ሁለት ትእዛዝ፣ ከሁለቱም አንዷ ጠፊ። አንቺ ይሄን ያነበብሽው “ሥራዬ ተወደደ፣ ኋላ ግን ተጠላ” ብለሽ ነው። እኔ ሳነበው ሌላ ነው የሚታየኝ። እጅ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል፤ ሰው ሽንኩርት ሲከተፍም ቆሞ ያያል። ያዩሽ ሰዎች አብዛኞቹ ቀሚስ ፈልገው አልመጡም። ደብረ ማርቆስ የት እንዳለች የማያውቅም ይኖርበታል። ቪዲዮው ጥሩ ቪዲዮ ነበር፣ በቃ። ስለ ጥልፍሽ የሚነግርሽ ነገር የለም። ቪው ያጣው ቪዲዮም እንደዚሁ ስለ ጥልፍሽ አይነግርሽም፤ አንቺ ግን ያጠፋሽው ቪዲዮውን ብቻ አይመስለኝም።

“የማሽን ነው” ያለችሽስ? በስልክ መስታወት የእጅና የማሽን ጥልፍ መለየት ለባለሙያም ይቸግራል። የሚያውቅ ሰው ልብሱን በእጁ ይይዘዋል፣ ገልብጦ ጀርባውን ያያል፣ ክሩ የት እንደታሰረ፣ የት እንደተሻገረ ያያል። እናትሽ እንደዚያ ሳታደርግ “ጎበዝ” ብላሽ ታውቃለች? ያላየ ሰው ለፈረደው ፍርድ አንድ ሳምንት ሙሉ ገቢሽን ከፈልሽ። ተወደደብሽ።

የቅኔ አገር ሰው ነሽና ይሄን ልበልሽ። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ያለ ተማሪ ቅኔውን ብቻውን ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ የሚያቀርበው ለመምህሩ ነው። መምህሩ ያርመዋል፣ አንዳንዴ ከነጭራሹ ይጥለዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅኔ ሲቀኝ “ይበል!” የሚለውም ሰሙን ከወርቁ የለየ ሰው ነው። ያልገባው ሰው ዝም ቢል ተማሪው አይከፋም፤ ያልገባው ሰው “ይበል” ቢለው ደግሞ አይኮራም። አንቺ የጎደለሽ ይሄ ይመስለኛል። ጥልፍ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ያስፈልጉሻል። እናትሽ ካለች እሷ፣ ካልሆነም ገበያ ውስጥ ጥለትና ክር የሚሸጡት ሴትዮ፣ ወይም ልብስሽን ሦስተኛ ጊዜ ያዘዘችሽ ደንበኛ። አዲስ ነገር ስትሠሪ መጀመሪያ ለእነሱ አሳዪ። “እዚህ ጋ ክሩ ሳስቷል” ቢሉሽ እሱን ተቀበዪ፣ የሚጠቅምሽ እሱ ነው።

በየደቂቃው ስልክ ማየትሽን በተመለከተ ራስሽን አትውቀሺ፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከብዙ ዓመታት በፊት እርግቦች ቁልፍ በምንቃራቸው ሲነኩ እህል እንዲወጣላቸው አድርጎ አጥንቷል። እህሉ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግይቶ፣ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሲሰጣቸው እርግቦቹ ያለ ዕረፍት ይነኩት ነበር፤ እህሉ ቢቋረጥም ቶሎ አይተዉም። ላይክም የሚመጣው እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ ቢመጣ ይሰለችሽ ነበር፣ ጨርሶ ባይመጣም ትተዪው ነበር። የያዘሽ አንዳንዴ መምጣቱ ነው። የፌስቡክ ላይክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ኢንስታግራም ደግሞ በ2021 ሰው የላይክ ቁጥርን ከፈለገ መደበቅ እንዲችል አድርጓል። ሠሪዎቹም ቁጥሩ ሰውን እንደሚረብሽ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ጄኒፈር ክሮከር የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ያመለከቱ ተማሪዎችን ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣችው ጥናት አለ። የራሳቸውን ዋጋ ከትምህርት ውጤታቸው ጋር ያሰሩት ተማሪዎች “ተቀብለንሃል” የሚል ደብዳቤ በመጣ ቀን ከሌሎቹ በላይ ከፍ ይሉ ነበር፤ “አልተቀበልንህም” በተባሉ ቀን ደግሞ ከሌሎቹ በላይ ይወድቁ ነበር። ተማሪው ያው ተማሪ ነው፣ ደብዳቤው ነው የተለያየው። አንቺ በ60 ሺህ ቪው ቀን የሆንሽውና እህል አልወርድ ባለሽ ቀን የሆንሽው በአንድ ገመድ የታሰረ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በዚህ አጭር ደብዳቤ ውስጥ ታላቅ እህትሽ ሦስት ጊዜ መጥታለች። ያስጀመረችሽ እሷ፣ እህል የከለከለችሽ እሷ፣ ብትተዪው የምታፍሪው እሷን። ባልሽ አንዴ ነው የተነሳው፣ እሱም ለስሙ። ተማሪዎችሽ ጠመኔ መሳቢያው ጋ ብቻ ናቸው። 60 ሺህ ሰው አይቶሽም ያልጠገብሽው እንድታይሽ የምትፈልጊው አንድ ሰው ስለሆነ ይመስለኛል። ባንክ የምትሠራ ታላቅ፣ ክፍለ ሀገር የቀረች ታናሽ፤ ይሄ በስንቱ ቤት አለ! ልሳሳት እችላለሁ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን እውነት ከሆነ ፎሎወር መቶ ሺህ ቢሞላም አይፈታውም፤ እህትሽ ደግሞ “ለምን ሁለት መቶ አልሆነም?” ትላለች።

እህትሽ ክፉ ናት ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው “ፎሎወርሽ ጨመረ?” የሚለው “ሥራ እንዴት ነው?” ለማለት ነው። መለኪያ ሌላ ስለማታውቅ ነው። ስለዚህ ሌላ መለኪያ ስጫት። በሚቀጥለው በዓል ስትመጣ ስልክሽን አታሳያት፤ ቀሚስ ጠልፈሽ አልብሻት። ከዚያ “እትዬ፣ ፎሎወር ስትዪኝ ይከፋኛል፣ ልብሱን አይተሽ ንገሪኝ” በያት። ይከብዳል። ቢሆንም ከየደቂቃው ስልክ ማየት ይቀላል።

ስለ ሥራው። ኔት በጠፋ ጊዜ እጅሽ እስኪዝል ጠለፍሽ ብለሻል። ያኔ ማን ሸጠልሽ? የለበሰችው ሴት ናት። ሰርግ ላይ “ማን ጠለፈልሽ?” ስትባል ስምሽን የጠራችው። ይህ ገበያ አልሞተም፤ አንቺ ነሽ ዘግይተሽ ያስቀየምሽው። ስለዚህ ቅድሚያ ለታዘዘው። ያስቀየምሻትን ሴት ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ፣ ነጠላ ጠልፈሽ ውሰጅላት፤ እዚያ ሰርግ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ታሪኩን ሰምቷል። ከዚያ አንድ ደብተር ያዢ። ያዘዘሽ ማነው፣ ማን ነግሮት መጣ፣ ክርና ጨርቅ ስንት ወጣ፣ ስንት ማታ ፈጀ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩ ራሱ ቲክቶክ ያዋጣሽ እንደሆነ ይነግርሻል። ትእዛዝ ስትቀበዪ ቀብድ ተቀበዪ፤ ቴሌብር አለ፣ ዋጋ ጠይቃ የምትጠፋዋ ያኔ ቶሎ ትለያለች።

ቪዲዮውን አትተዪ፣ አትዘጊውም። ግን በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፣ ቅዳሜ ማታ በይው፤ የምታሳዪውም ያለቀና የተሸጠ ልብስ ይሁን። ፖስት አድርገሽ ኖቲፊኬሽኑን አጥፊና ስልኩን ለባልሽ ስጪው። እግረ መንገድሽንም “ተዪው” ያለው ጥልፉን ነው ስልኩን ብለሽ ጠይቂው፤ አልጠየቅሽውም መሰለኝ። ስልኩ ትምህርት ቤት ሲደርስ ቦርሳ ውስጥ ይቅር። ልጆች ያያሉ፤ “ገልብጡ” የተባሉት ለምን እንደሆነ ቀድሞ ነው የሚገባቸው።

“ብተወው ማን ነኝ?” ብለሻል። ለመመለስ አትቸኩዪ። መጀመሪያ የዘገየውን ቀሚስ ጨርሺ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ የሞጣ ሰው ነኝ፤ ይህን የምትጽፍልኝ ሴት ልጄ ናት። ወንዱ ልጄ 20 ዓመቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. 12ኛን ተፈትኖ አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ቀን ይተኛል፣ ማታ ስልክ ፊት ይቀመጣል። ላይቭ ነው ይለኛል። አንድ ሌሊት ብገባ ፊቱን ዱቄት ተቀብቶ፣ ተንበርክኮ፣ “ጽጌረዳ ላኩልኝ” እያለ ይጮኻል። ያበደ መሰለኝ። ይሄ ልመና ነው ወይስ ሥራ? አባቱ ካወቀ ስልኩን ይሰብረዋል።

መልስ፦ እናቴ፣ አይዞዎት፣ አላበደም። ያዩት ቲክቶክ ላይ “ማች” የሚሉት ነው። ሁለት ሰዎች በየቤታቸው ሆነው ስልክ ላይ ጎን ለጎን ይቀርባሉ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይፎካከራሉ፣ ተመልካች ብዙ ስጦታ የላከለት ያሸንፋል። የተሸነፈው ይቀጣል፤ ዱቄቱም መንበርከኩም ቅጣቱ ነው። ስጦታው የሚገዛው ተመልካቹ በገንዘብ በሚገዛው፣ ኮይን በሚሉት ነው። ጽጌረዳ አንድ ኮይን ነው፣ ከረከሱት አንዱ። ተመልካቹ ከሚከፍለው ግማሽ ያህሉን ድርጅቱ ያስቀራል። መቶ ጽጌረዳ ቢላክለት ልጅዎ እጅ የሚገባው የአሜሪካ ግማሽ ዶላር አካባቢ ነው። “አንበሳ” የሚባል ወደ 30 ሺህ ኮይን የሚያወጣ ስጦታም አለ፤ ልጁን ሌሊቱን ሙሉ የሚያስቀምጠው የዚህ አንበሳ ተስፋ ነው።

ልመና ነው ወይስ ሥራ ላሉኝ፣ ሁለቱንም ይመስላል። ከሰው ፊት ቆሞ ማጫወት ሥራ ነው፣ አዝማሪም የሚኖርበት ነው። በዱቄት ተቀብቶ መንበርከኩን ግን እኔም አልወደድኩትም።

ግን አንድ ነገር ያስቡ። በ2016 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ ተፈታኝ ከ94 በላዩ ወድቋል፤ ያለፈው 5.4 ከመቶ ነው። የእኛ ክልል ልጆች ደግሞ ትምህርት በተቆራረጠበት ዓመት ነው የተፈተኑት። ልጅዎ ይህን ቁጥር ሰምቶታል፤ ውስጡ ግን “እኔ ነኝ የወደቅሁት” ነው የሚለው። ቀን የሚተኛው ሰፈር ውስጥ “ምን ደረሰህ?” እንዳይባል ይመስለኛል። ማታ ስልኩ ውስጥ ይህን የሚጠይቀው የለም። በስሙ ይጠሩታል፣ “ጀግና” ይሉታል። ስልኩን ብትሰብሩበት የምትሰብሩት ይህን ነው። አባቱን በእኔ ስም ይለምኑልኝ።

ቀን ላይ፣ ምሳ ከበላ በኋላ፣ ቁጣ ሳይጨምሩ ሒሳቡን አብረው ይሥሩት። በዚህ ወር እጁ የገባው ስንት ነው? ለዳታ ጥቅል የወጣውስ? ገንዘቡን በሌላ ሰው በኩል የሚያወጣ ከሆነ ያ ሰው ስንት ያስቀራል? ይህን ወረቀት ላይ ራሱ ይጻፈው፣ እርስዎ አይናገሩት። ሁለት ነገር ግን በግልጽ ይከልክሉት፤ ተበድሮ ለሌላ ሰው ስጦታ መላክ፣ እህቱን ካሜራ ፊት ማምጣት። ሌሊቱ ይቀንስ፣ ምሳ ከቤተሰብ ጋር ይብላ። በግል ድጋሚ መፈተን ይችላል፣ ቴክኒክና ሙያም አለ። ሰው ፊት መናገር ደግሞ ካልፈራ ሰርግና ምርቃት መድረክ የሚመራ ሰው ይፈለጋል፤ እዚያ ዱቄት የለም፣ ክፍያውም በብር ነው።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም ነኝ፣ ማር እሸጣለሁ። የልጅነት ጓደኛዬ ስቶሪዬን ሁሌ ታየዋለች፣ ላይክ ግን አድርጋልኝ አታውቅም። ቅናት ነው?

መልስ፦ ማር ገዝታሻለች? ከገዛችሽ ላይኩን ምን ታደርጊበታለሽ። ካልገዛችሽም ማር አትወድ ይሆናል፣ ወይም ላይክ የማድረግ አመል የላትም፤ እንደዚህ ዓይነት ሰው ብዙ ነው፣ እኔም አንዷ ነኝ። ስቶሪሽን ማን እንዳየው ዝርዝሩን ከፍተሽ ስም በስም ማየቱን ግን ተዪው። የልጅነት ጓደኛ ላይ ፋይል አይከፈትም። ቡና ጥሪያትና ጠይቂያት።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ፣ ተማሪ ነኝ። ቲክቶክ ላይ 10 ሺህ ፎሎወር ከሞላ ገንዘብ መክፈል ይጀምራል አሉኝ። ቴሌግራም ላይ ፎሎወር የሚሸጥ ልጅ አግኝቻለሁ። 700 ፎሎወር ብቻ ስላለኝ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። ቲክቶክ በቪው የሚከፍልበት ፕሮግራም 10 ሺህ ፎሎወር ይጠይቃል፣ እውነት ነው፤ ግን በ30 ቀን ውስጥ 100 ሺህ ቪውም ይጠይቃል፣ ለተወሰኑ አገሮች ብቻ ነው የተከፈተው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከእነሱ ውስጥ የለችም። የተገዛ ፎሎወር ሰው አይደለም፣ ቪዲዮ አያይም፣ አይገዛም። 10 ሺህ ፎሎወር ይዘህ ቪዲዮህን 40 ሰው ሲያየው ጓደኞችህ ያኔ ነው በደንብ የሚስቁት። 700 ሰው እኮ አንድ ሜዳ ላይ ቢሰበሰብ ትደነግጣለህ።

ብር ካልላክህ አትላክ። ፓስወርድህን ለዚያ ልጅ ሰጥተኸው ከሆነ ግን ይህን ማንበብ አቁምና አሁኑኑ ቀይረው።